ከተዳከመ ዕቁብ ወደ ታናሽ ዕቁብ ስለ መሸጋገር

በአራዳ ክፍል የሚነግድ ሰው ከሱቁና ከዕቃው ቀጥሎ የሚቈጥረው ሀብት ቢኖር ዕቁቡ ነው። ዕቁብ የገንዘብ ማጠራቀሚያ፣ የገበያ ወሬ መለዋወጫ፣ የሰውም እምነት መመዘኛ ስለ ሆነ፣ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው መግባት በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው የኮሪደር ልማት ሥራ ተጀምሮ በዶሮ ማነቂያ፣ በእሪ በከንቱና በሌሎችም ሰፈሮች አያሌ ቤቶችና ሱቆች ከፈረሱ ወዲህ፣ አባሎቻቸው የተበተኑባቸው ትልልቅ ዕቁቦች ስለ ወደፊት አኳኋናቸው ማሰብ ግድ ሆኖባቸዋል። ‹‹በነበርንበት እንቈይ ወይስ አነስ ወዳለው እንሂድ?›› የሚለው ጥያቄ በየሱቁ ደጃፍ ይሰማል። ይህ ጽሑፍ የማንኛውንም ዕቁብ ስም ለማጥፋት ወይም አባልን ከአባል ለመለያየት የቀረበ አይደለም፤ ጉዳዩ በሒሳብና በሕግ በኩል ሲታይ ምን እንደሚመስል ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለ ሱቆች ለማስረዳት ነው።

በቅድሚያ የአራዳ ነጋዴ መበተን ዛሬ የተጀመረ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገበያው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር፤ ሹሙም ነጋድራስ ይባል ነበር። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ከዚሁ ሥራ ተነሥተው ነው። ጮሌና ከተሜ የሆነውን ሰው ሁሉ ‹አራዳ› የምንለውም በዚያው ገበያና ሰፈር ስም ነው፤ ገበያው ከሄደ ስንት ዘመን ሲሆነው ቅጽሉ ግን እስካሁን ሥራ አልፈታም። ኋላም ጠላት አገራችንን በያዘበት ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን፣ ከተማውን በዘር ለመለየት በተነደፈው ፕላን መሠረት የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ስፍራ ከዚያ የመጣ ነው። ትልቁ ገበያ ሲሄድ አራዳ ግን ባዶ አልቀረም። ወርቅ ሠሪው፣ የሰዓትና የጨርቅ ነጋዴው፣ መጽሐፍ ሻጩ በፒያሳ ቀርተው፣ ብዛቱ ያነሰ ነገር ግን ደንበኛው የታወቀ ንግድ አቋቋሙ። እንደ ገናም በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን አዋጅ ቁጥር 47 በወጣ ጊዜና ከዚያም በኋላ፣ ከአርመኖች፣ ከግሪኮች፣ ከሕንዶችና ከየመኖች ወገን የነበሩ ብዙ ነጋዴዎች አገር ለቀው ሄዱ። የ2016ቱ ሦስተኛው መሆኑ ነው። በሦስቱም ጊዜ ከሕንፃውና ከሱቁ ጋር የተበተነ አንድ ዕቃ አለ፤ ይኸውም ‹‹እገሌ ለእገሌ ዋስ ቢሆን ይከፍላል፣ አይከፍልም›› ብሎ የሚያውቅ ሰው ነው።

የዕቁብ አሠራር ለአንባቢዎቻችን እንግዳ ባይሆንም፣ ለሒሳቡ ያመች ዘንድ ባጭሩ እናንሣው። አባሎች በየሳምንቱ እኩል ገንዘብ ይጥላሉ፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ የተሰበሰበውን ሁሉ ይወስዳል፤ አቅሙ ያላደረሰው በግማሽ ወይም በሩብ ዕጣ ይገባል። ዳኛው ይመራል፣ ጸሐፊው ደብተር ይይዛል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ይህ ነው፤ ዕቁቡ በደረሰው ሰውና ገና ባልደረሰው ሰው መካከል ያለው ልዩነት የዕድል ልዩነት ብቻ አይደለም። የደረሰው ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ ባለ ዕዳ ነው፤ ያልደረሰው ሰው ደግሞ አበዳሪ ነው። አንድ ዕቁብ ሲዳከም ሁለቱ የሚያዩት ነገር አንድ አይሆንም። ባለ ዕዳው በስብሰባው ላይ ‹‹ዕቁባችን ይጽና›› ሲል የሚናገረው ምናልባት ከልቡ ይሆናል፤ ነገር ግን አበዳሪው ዘንድ ያለው ሥጋት እርሱ ዘንድ የለም።

አሁን በቍጥር እንየው። አንድ ዕቁብ 60 አባሎች አሉት እንበል፤ እያንዳንዱ በሳምንት 5,000 ብር ይጥላል። የሚሰበሰበው 300,000 ብር ነው፤ ዕቁቡም የሚያልቀው በ60 ሳምንት፣ ማለት ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው። ሌላው ዕቁብ ደግሞ 20 አባሎች ኖረውት እያንዳንዱ 15,000 ብር ቢጥል፣ የሚሰበሰበው ያው 300,000 ብር ሲሆን፣ የሚያልቀው ግን በ20 ሳምንት፣ ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ ነው። ዕጣው የመጨረሻ የሆነበት ሰው በመጀመሪያው ዕቁብ ገንዘቡን በሰው እጅ አኑሮ ከዓመት በላይ ይጠብቃል፤ በሁለተኛው ግን አንድ ክረምት ከምናምን ብቻ ነው።

ይህ የጊዜ ርዝመት ለአስመጪ ምን ማለት እንደ ሆነ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለንም። በዚያች ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ በሰኔ ወር 300,000 ብር የደረሰው ዕቁብተኛ በባንኩ ዋጋ ሲመነዘር 5,260 ዶላር ያህል የሚያወጣ ገንዘብ ተቀበለ፤ በመስከረም የደረሰው ግን የጣለው ብር ያው ሆኖ ሳለ 3,000 ዶላር እንኳ የማይሞላ ነው የተቀበለው። በዚህ ማንም ማንንም አልበደለም፤ ዳኛውም ጸሐፊውም ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። ነገር ግን የዋጋ መለዋወጥ ባለበት ዘመን ረጅም ዕቁብ ለመጨረሻው ሰው በጣም ውድ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በኪሳራው ልክ የተጠቀመ ሌላ አባል አለና ጠቅላላ ድምሩ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ማን ምን እንደያዘ ነው።

ትልቅ ዕቁብ እንዴት ይዳከማል ቢባል፣ ብዙ ጊዜ ሰው እንደሚያስበው ገንዘብ በመጥፋት አይጀምርም። የሚጀምረው በመልካም ከፋዮች መውጣት ነው። አቅም ያለው፣ ሁልጊዜ በሰዓቱ የሚጥል፣ ዋስ ሲጠራ ማንም የማይከለክለው ሰው ሌላ ዕቁብ ማግኘት አይቸግረውም፤ ስለዚህ ነገሩ ሲቀየር አስቀድሞ የሚሄደው እርሱ ነው። ዙሩ አልቆ አዲስ ዙር ሲከፈት ስሙ አይገኝም። ጠብ የለም፣ ንግግር የለም፤ ‹‹በዚህኛው ዙር ልረፍ›› ብሎ ነው የሚቀረው። በርሱ ቦታ ቍጥሩ እንዳይጎድል ሲባል የማይታወቅ ሰው ይገባል። አዲሱ ሰው ዋስ ሲጠየቅ ከርሱ ጋር የገባውን ሌላ አዲስ ሰው ይጠራል፤ ያም ሲደርሰው በተራው ይህንኑ ይጠራል። በደብተሩ ላይ ሁለት ዋስ ተጽፏል፤ በእውነቱ ግን አንድም ዋስ የለም፤ አንዱ ሲወድቅ ሁለተኛውም አብሮ ይወድቃልና። ከዚህ በኋላ ክፍያ ይዘገያል፤ ዳኛው መቀጫ ይጨምራል፤ መቀጫው የሚያስፈራው ግን በሰዓቱ መክፈል የለመደውን ሰው ነው፤ መክፈል ያላሰበውንማ ምን ያስፈራዋል! እንዲህ እየሆነ ደንቡ በጠበቀ ቍጥር የቀሩት መልካም አባሎች ይሳሳሉ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኑ የዕቁብ ደብተር መያዝ ልማዱ ነው፤ ስለዚህም አንድ ምልክት ለማመልከት ይደፍራል። ዕቁብ መዳከሙን ለማወቅ የሚሻ ሰው የገንዘቡን ዓምድ ትቶ የዋሶቹን ዓምድ ይመልከት። በአንድ ዙር ውስጥ ያው አራት አምስት ስም ለሁሉም ዋስ ሆኖ ከተገኘ፣ ወይም ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው ከተዋዋሱ፣ ገንዘቡ በየሳምንቱ ሙሉ ሆኖ ቢገባ እንኳ ዕቁቡ የቆመበት መሬት ስስ ነው።

በፒያሳ በኩል የሆነው ደግሞ ይህንን ያፋጠነ ነው። ቀድሞ የነጋዴ ዋነኛ መያዣ ሱቁ ነበር፤ በሕግ የተመዘገበ መያዣ ማለታችን አይደለም፤ ‹‹ነገ ጠዋት እዚያው ይከፍታል፣ ካልከፈተም እንጠይቀዋለን›› የሚባልበት ደጃፍ ነው። ሱቁ የፈረሰበት ሰው ከፊሉ በሌላ ገበያ ቦታ አግኝቷል፤ ቤቱ የፈረሰበትም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማው ዳር ሰፈሮች ተዛውሯል። ሰውዬው ያው ታማኝ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ግን ደጃፉን ማየት አልተቻለም። የእሪ በከንቱ ሰፈር ስሙን ያገኘው ቀማኛ ያገኘው መንገደኛ ቢጮኽ ደራሽ ስለማያገኝ ነው ይባላል። የሰፈሩ ቤቶች ቢፈርሱም ስሙ ያለ ጽሑፍና ያለ በቂ ዋስ ገንዘቡን ለሰጠ ዕቁብተኛ ቅርብ ሆኖ ይኖራል።

በስልክ ገንዘብ ማስተላለፍ፣ ይልቁንም ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ የተበተኑ አባሎች ባሉበት ሆነው ዕቁባቸውን መጣል ችለዋል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ማን መቼ ከፈለ የሚለው ክርክርም ቀርቷል፤ ደረሰኙ ከነሰዓቱ በስልኩ ላይ አለ። ነገር ግን እሑድ እሑድ ተሰብስቦ ዕጣ ማውጣት የሚሰጠውን ነገር ስልኩ አይሰጥም። በስብሰባው ላይ ሰው የሚጥለውን ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚያሳየው፤ ፊቱ መክሳቱ፣ ንግግሩ ማጠሩ፣ ሳይቀመጥ ቶሎ መሄዱ፣ ከማን ጋር ተኮራርፎ መቀመጡ ሁሉ ይታያል። ጓደኞቹም ‹‹ምን ሆነሃል?›› ብለው ይጠይቁታል፤ ዕቃው በጉምሩክ ተይዞበት እንደ ሆነ ይሰማል፤ ሳይወድቅ ይደግፉታል። በስልክ ብቻ የሚሰበሰብ የ60 ሰው ዕቁብ ይህን ምርመራ ያጣል፤ ሰው መቸገሩ የሚታወቀው መክፈል ባቆመ ቀን ነው።

ታናሽ ዕቁብ በዚህ በኩል ይበልጣል። 20 ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ ዙሩ አጭር ስለ ሆነም የማያስደስት አባል በአምስት ወር ውስጥ ሳይጣሉ ይለያዩታል። ይሁን እንጂ ‹‹ትንሽ ስለ ሆነ አደጋ የለውም›› የሚለውን አነጋገር አንቀበልም። በመጀመሪያው ሳምንት ዕቁቡ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ይዞ ቢጠፋ፣ በ60ው ዕቁብ የሚቀርበት ዕዳ 295,000 ብር ሲሆን ለቀሩት 59 ሰዎች ቢካፈል ለእያንዳንዱ 5,000 ብር ይደርሰዋል። በ20ው ዕቁብ ግን ዕዳው 285,000 ብር ሆኖ ለ19 ሰዎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 15,000 ብር ነው። ምቱ በአንድ ሰው ላይ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እንዲሁም በሳምንት 15,000 ብር መጣል ለትንሽ ባለ ሱቅ ከባድ ስለ ሆነ፣ በግማሽ ዕጣ መግባትን ወይም የዕቁቡን መጠን መቀነስን የሚፈቅድ ደንብ ከጅምሩ መኖር አለበት። አለዚያ ታናሹ ዕቁብ የሀብታሞች ብቻ ይሆንና፣ ትልቁ ውስጥ የቀሩት ድሆች አባሎች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ይሰጥማሉ። ይህ ሁለተኛው ነገር በአደባባይ ሲነገር ብዙም አይሰማም፤ የአራዳ ዕቁብ ግን ትልቁንም ትንሹንም ነጋዴ በአንድ አግዳሚ ላይ ሲያስቀምጥ የኖረ ስለ ሆነ፣ አዲስ የሚያቋቁሙት ሰዎች ቢያስቡበት እንወዳለን።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ዕቁብና ዕድር በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አይገዙም፤ አዋጁ ራሱ ከወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋል። ስለዚህ በዕቁብ አባሎች መካከል ክርክር ሲነሣ የሚታየው ራሳቸው የተስማሙበት ደንብ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋልና። ይልቁንም ልብ ሊባል የሚገባው የዋስትናው ጉዳይ ነው። በዚሁ ሕግ ቍጥር 1725 መሠረት የዋስትና ውል በጽሑፍ መደረግ አለበት፤ በቍጥር 1727 መሠረትም ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበትና በሁለት ምስክሮች ሊረጋገጥ ይገባል፤ በቍጥር 1922 ደግሞ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም። በደብተር ጠርዝ ላይ ‹‹ዋስ፦ እገሌ›› ተብሎ ስም ብቻ የሰፈረበት ልማድ በጓደኞች መካከል ያስከበረን ልማድ ነው፤ በችሎት ፊት ግን አያስኬድም። ‹‹እስከ 285,000 ብር ድረስ ዋስ ነኝ›› የሚል አንድ መስመርና ሁለት የምስክር ፊርማ መጨመር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ለመውጣት የቈረጠ አባል ጊዜውን መምረጥ አለበት። ዕቁቡ የደረሰው ሰው ዙሩ ሳያልቅ ወጣሁ ቢል መውጣት ሳይሆን ዕዳ መካድ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሳምንት ይጣል፤ ከዚያ በክብር ይሰናበት። ያልደረሰው ሰው በመካከል መውጣት ግድ ቢሆንበት፣ ደንቡ የሚፈቅድለት እንደ ሆነ ተራውን ዳኛውና አባሎች ለሚቀበሉት ሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላል፤ አለዚያ የጣለውን የሚያገኘው ዙሩ ሲያልቅ ነው። ብዙ ደንብ እንዲህ ስለሚል፣ ከመውጣት በፊት ደንቡን ማንበብ ይገባል። ከሁሉ የሚረሳው ግን ሌላ ነው፤ የወጣ አባል ለሌላ ሰው ዋስ ሆኖ እንደ ነበር ይረሳል። አባልነቱ ቢያልቅም፣ ዋስ የሆነለት ሰው ዕዳውን እስኪጨርስ ድረስ ዋስትናው አብሮት ይኖራል። ስለዚህ በሚሰናበትበት ቀን ከጸሐፊው ሁለት ነገር በጽሑፍ ይቀበል፤ አንደኛው የራሱ ሒሳብ መጠናቀቁን፣ ሁለተኛው ዋስ የሆነላቸው ሰዎች ዕዳ መዘጋቱን ወይም ምን ያህል እንደ ቀረ የሚገልጽ ነው።

አወጣጡ በጨዋ ደንብ ቢሆን ይመረጣል። ‹‹ዕቁቡ ሊፈርስ ነው›› እያሉ ማስወራት፣ ያልፈረሰውን ማፍረስ ነው፤ ወሬው የሚጎዳውም ገና ዕጣ ያልወጣለትን አባል ነው። ዳኛውን ለብቻው አነጋግሮ፣ ለሚቀጥለው ዙር እንደማይመዘገብ አንድ ወር ያህል አስቀድሞ ማስታወቅ ይበቃል። ደግሞም የቀድሞ ዕቁብተኛ ነገ ደንበኛ፣ አከፋፋይ ወይም የዕቃ አበዳሪ ሆኖ ይገናኛል።

ስለ ዕድር ግን ነገሩ የተለየ ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። ዕቁብ ላይ የተጣለው ገንዘብ የጣዩ ነው፤ ተመልሶ ይመጣል። የዕድር መዋጮ ግን የወጣው ለሐዘን ቀን ነው፤ ቀደም ብለው ለሞቱት ወጥቶ አልቋል፤ የቀረውም ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና ጥቂት የባንክ ተቀማጭ የማኅበሩ እንጂ የአንድ ሰው አይደለም። ‹‹ሃያ ዓመት ከፍያለሁና ድርሻዬን ስጡኝ›› ማለት በብዙ ዕድር ደንብ ተቀባይነት የለውም። በሌላ በኩል ዕድር የሚፈለገው በዚያችው ቀን ስለ ሆነ፣ ርቀት ከዕቁብ ይልቅ ዕድርን ይጎዳል። በስልክ ዕቁብ መጣል ይቻላል፤ በስልክ ድንኳን መትከልና ሬሣ ማጀብ ግን አይቻልም። ወደ ገላን ጉራ የተዛወረ ቤተሰብ ከአዲሶቹ ጎረቤቶቹ ጋር ታናሽ ዕድር ማቋቋሙ ግድ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ሆኖም አዲስ ዕድር የመመዝገቢያ ገንዘብ ያስከፍላል፤ ብዙውም ገና ለተመዘገበ አባል ለተወሰኑ ወራት ሙሉ አገልግሎት አይሰጥም። ስለዚህ የአዲሱ መጠበቂያ ጊዜ ሳያልፍ ከአሮጌው የወጣ ሰው በመካከሉ ሐዘን ቢደርስበት ከሁለቱም ወገን ባዶ እጁን ይቀራል። ለጥቂት ወራት የሁለቱንም መዋጮ አብሮ መክፈል ያስፈልጋል፤ ሠራተኞቻቸው ከፒያሳ የተነሡባቸው ባለ ሱቆችም ይህን ወጪ ለሠራተኞቻቸው በቅድሚያ ክፍያ ቢሰጡና ከደመወዝ ላይ በየወሩ ቢቀንሱ መልካም ነው።